ኳስን አለዝቦ ስለ መጣል
(የፒክልቦል ጨዋታ ትምህርት)

በብዙ ዐይነት ጨዋታ ኀይለኛ ምት የተመልካችን ጭብጨባ ያተርፋል። ኳሲቱን በሙሉ ጉልበቱ የለጋት ተጫዋች ነጥቡን ቢያጣ እንኳ «ጎበዝ ነው» ይባላል፤ ቀስ አድርጎ ከመረቡ ማዶ ጠብ ያደረጋት ግን ነጥቡን ቢያገኝም «ፈራ» ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህ ፍርድ በፒክልቦል ሜዳ ላይ ፈጽሞ የማይሠራ መሆኑን ነው። በዚህ ጨዋታ ለመማር ከሁሉ የሚያስቸግረው ልዝቡ ምት ነው። ይህን ምት ያላወቀ ተጫዋች ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢሆን ከሜዳው ጀርባ ታስሮ ይቀራል፤ ያወቀው ግን ከርሱ የሚበረታውን ሰው እኩል ለእኩል ሊገጥመው ይችላል። እንግዲህ ምቱ ምን እንደ ሆነ፣ ስለ ምን እንዳስፈለገና እንዴት እንደሚለመድ በየተራው እንመለከታለን።

ስለ ጨዋታው አመጣጥ

ፒክልቦል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. በበጋ ወራት፣ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት፣ በቤይንብሪጅ ደሴት ላይ ነው። የጀመሩትም ጆኤል ፕሪቻርድ፣ ቢል ቤልና ባርኒ ማካለም የሚባሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። ከነዚህ መካከል ፕሪቻርድ ኋላ የአሜሪካ ኮንግሬስ አባል፣ ከዚያም የዋሽንግተን ግዛት ምክትል አገረ ገዥ የሆነ ሰው ነው። ቤተ ሰቦቻቸው የሚጫወቱት ነገር አጥተው ቢሰለቹ በአንድ አሮጌ የባድሚንተን ሜዳ ላይ የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬትና ቀዳዳ ያላትን የፕላስቲክ ኳስ ይዘው ጨዋታውን ፈጠሩ። መረቡ በመጀመሪያ እንደ ባድሚንተን ከፍ ብሎ ነበር፤ ኳሲቱ በአስፋልቱ ላይ ደኅና አድርጋ እንደምትነጥር በታየ ጊዜ ግን ዝቅ ተደረገ።

እንደሚታወቀው የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. በዚያው ግዛት በተክዊላ ከተማ ተደረገ። የዋሽንግተን ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ፒክልቦልን የግዛቱ ኦፊሴላዊ ስፖርት አድርጎ በሕግ ሠይሞታል። እኛ ግን ከታሪኩ ሁሉ አጥብቀን የምንይዘው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጨዋታው ከመነሻው አባትና ልጅ፣ ወንድምና እኅት በአንድ ሜዳ ላይ አብረው እንዲጫወቱበት የታሰበ መሆኑ ነው። ጉልበት ብቻ የሚያሸንፍበት ቢሆን ኖሮ ይህ አሳብ ከአንድ ሳምንት በላይ ባልቆየም ነበር።

ስለ ሜዳውና ስለ ሕጉ

ሜዳው እንደ ባድሚንተን የጥንድ ሜዳ ሁሉ ርዝመቱ 13.41 ሜትር፣ ወርዱ 6.10 ሜትር ነው። መረቡ በዳርና በዳር 91 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከሉ 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከመረቡ በግራና በቀኝ ሳይሆን ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ በያንዳንዱ ወገን 2.13 ሜትር የሚሆን ስፍራ በመስመር ተከልሏል። በዚህ ክልል ውስጥ ወይም በመስመሩ ላይ ቆሞ መሬት ያልነካች ኳስ መምታት ክልክል ነው። ኳሲቱ ነጥራ ከሆነ ግን ማንም ገብቶ ሊመታት ይችላል። አሜሪካኖች ይህን ክልል በቀልድ «ኪችን» ማለትም «ወጥ ቤት» ይሉታል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ እንደነሱ ወጥ ቤት እንለዋለን።

ሁለተኛው ሕግ የሁለት ንጥረት ሕግ ነው። ሰርቭ የተደረገችው ኳስ በተቀባዩ ሜዳ መንጠር አለባት፤ ተቀባዩ የመለሳትም ኳስ እንዲሁ ሰርቭ ባደረገው ወገን ሜዳ መንጠር አለባት። ከዚህ በኋላ በአየር መምታት ይፈቀዳል። ጨዋታው ዘወትር በ11 ነጥብ፣ በ2 ብልጫ ያልቃል፤ በጥንቱ አቆጣጠር ነጥብ የሚያገኘውም ሰርቭ የሚያደርገው ወገን ብቻ ነው።

ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ ስናያቸው አንድ እንግዳ ነገር እናገኛለን። በቴኒስ ሰርቭ የሚያደርግ ሰው ባለ ብልጫ ነው፤ በፒክልቦል ግን የተገላቢጦሽ ነው። ተቀባዩ ኳሲቱን መልሶ ወዲያው ወደ ወጥ ቤቱ መስመር ይሮጣል፤ ጓደኛውም አስቀድሞ እዚያ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰርቭ ያደረጉት ሁለቱ ግን የተመለሰችው ኳስ እስክትነጥር መጠበቅ ግዴታቸው ስለ ሆነ ከኋላ መስመር ላይ ይቀራሉ። እንግዲህ ሁለቱ ባላጋራዎች በመረቡ አጠገብ ራኬታቸውን አንሥተው ቆመዋል፤ እኛ ደግሞ ከመረቡ 6.70 ሜትር ርቀን ቆመናል። ሦስተኛው ምት የኛ ነው። ምን እናድርግ?

ሦስት መንገዶች

አንደኛው መንገድ መለጋት ነው። ኳሲቱን በኀይል እንለጋታለን፤ ባላጋራችን ግን በመረቡ አጠገብ ስለ ሆነ ራኬቱን ከመደቀን በቀር ብዙ ድካም የለበትም። ኳሲቱ ከመረቡ በላይ ከፍ ብላ ከደረሰችው ወደ ታች ይመታታል፤ እኛ ስንለጋ ያወጣነው ኀይል ተመልሶ በኛው እግር ሥር ይወድቃል። ሁለተኛው መንገድ ኳሲቱን በባላጋራዎቻችን ራስ ላይ ከፍ አድርጎ ማሳለፍ ነው። ይህም አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ነገር ግን ጥቂት ያጠረች እንደ ሆነ ከራስ በላይ ለሚመታ ሰው ድግስ ናት። ሦስተኛው መንገድ ኳሲቱን አለዝቦ በመረቡ ላይ አሳልፎ በወጥ ቤቱ ውስጥ መጣል ነው። በእንግሊዝኛ «ድሮፕ» የሚሉት ይህን ነው።

የዚህ ምት ዓላማ ነጥብ ማግኘት አይደለም። ዓላማው ባላጋራችን ኳሲቱን ከመረቡ ከፍታ በታች እንዲያገኛት ማድረግ ነው። ከመረቡ በታች ያለችውን ኳስ ማንም ሰው፣ ጉልበቱ የሳምሶን ቢሆን፣ ወደ ታች ሊመታት አይችልም፤ ወደ ላይ ማንሣት ግድ ይሆንበታል። እርሱ ኳሲቱን ሲያነሣ እኛ ወደ ፊት እንሄዳለን። በመጨረሻም አራታችንም በወጥ ቤቱ መስመር ላይ ፊት ለፊት እንቆማለን፤ ያን ጊዜ ብልጫው ይጠፋል። ስለዚህ ልዝቡ ምት የማጥቂያ ሳይሆን የመድረሻ ምት ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ጥቂት ሒሳብ

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ሒሳብ ይሸሻል ቢባልም፣ ነገሩን ቁጥር ሳይገባበት ማስረዳት ስለማይቻል ጥቂት እንሞክራለን። የአየሩን መከላከል ለጊዜው እንተወውና፣ ከኋላ መስመር ላይ ሆነን ኳሲቱን ከመሬት በ60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ መታናት እንበል። ከፍታዋ እስከ 1.80 ሜትር ወጥታ ከመረቡ ማዶ በ1.50 ሜትር ላይ እንድትወድቅ ብንፈልግ፣ ጉዞዋ ሁሉ 8.20 ሜትር፣ ጊዜዋም 1.1 ሴኮንድ ያህል ይሆናል። የመጨረሻ ከፍታዋን የምትይዘው ከመረቡ 3 ሜትር ያህል በፊት፣ ማለትም በራሳችን ሜዳ ላይ ነው። መረቡን የምታልፈው በ1 ሜትር ከፍታ ነው፤ ይህም ከመረቡ አናት ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከመረቡ ማዶ አንድ ሜትር ስትርቅ ከፍታዋ ከ40 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ይህም እንግዲህ ከባላጋራችን ጉልበት በታች ነው።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ የኳሲቱ ጉብታ ከመረቡ በላይ ሳይሆን በኛው ሜዳ ላይ መሆን ይገባዋል። ብዙ ጀማሪዎች መረቡን ዐይተው በመረቡ ላይ ከፍ ያደርጓታል፤ እንዲህ ያለችው ኳስ ግን ከመረቡ ካለፈች በኋላ ገና ከፍ ብላ ስለምትቆይ ለባላጋራ ትመቸዋለች። ሁለተኛው ትምህርት ስለ ጊዜ ነው። በሴኮንድ 20 ሜትር የምትጓዝ የተለጋች ኳስ ይህንኑ ርቀት በ0.4 ሴኮንድ ትጨርሰዋለች፤ ለስላሳዋ ግን ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ ትሰጠናለች። ሆኖም ከኋላ መስመር እስከ ወጥ ቤቱ መስመር 4.57 ሜትር አለ፤ በ1.1 ሴኮንድ ውስጥ ይህን ሁሉ ርቀት ሄዶ፣ ተረጋግቶ መቆም ለብዙ ሰው አይቻልም። እንግዲህ አንድ ልዝብ ምት ሁልጊዜ አያደርሰንም፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በመካከል ላይ በመቆሙ አይበሳጭም።

ስለ አመታቱ

አያያዝ፦ ራኬቱን ማነቅ አይገባም። የመጨበጥ ኀይላችንን ከ1 እስከ 10 ብንቆጥረው ከ3 ወይም ከ4 ባያልፍ መልካም ነው። የጠበቀ እጅ የኳሲቱን ኀይል ሁሉ መልሶ ይገፋል፤ የላላ እጅ ግን ከፊሉን ይውጠዋል።

አቋቋም፦ ኳሲቱ ከመምጣቷ በፊት ደርሶ መቆም ያስፈልጋል። ጉልበት ይታጠፋል፤ ወገብ ብቻ አጉንብሶ ኳሲቱን ከመሬት እንደሚለቅም ሰው መሆን ግን አይጠቅምም። ክብደታችን ወደ ፊተኛው እግር ያዘነብላል።

የክንድ አካሄድ፦ ራኬቱ ወደ ኋላ የሚሄደው በጣም ጥቂት ነው፤ ከዳሌያችን ባያልፍ ይመረጣል። ፊቱ ጥቂት ወደ ሰማይ ተከፍቶ፣ ክንዳችን ከትከሻው እንደ ዥዋዥዌ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። የእጅ አንጓ ጸጥ ይላል። ኀይል ማከል ካስፈለገ ከጉልበትና ከትከሻ እንጂ ከእጅ አንጓ አይመጣም፤ አንጓ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ዛሬ የሠራውን ነገ አይደግመውም።

መምቻው ቦታ፦ ኳሲቱን ከሰውነታችን ፊት ለፊት እናገኛታለን። የሚመረጠውም ጊዜ ነጥራ ከፍ ካለች በኋላ መውረድ ስትጀምር ነው። ያን ጊዜ የራሷ ፍጥነት ስለሚቀንስ ለማለዘብ ትመቻለች። ከመታናትም በኋላ ራኬቱ ድንገት አይቆምም፤ ኳሲቱን ወደ ላክንበት አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይከተላታል።

ዐይን፦ ኳሲቱ ራኬቱን እስክትለቅ ድረስ ዐይናችን ከርሷ ላይ አይነሣም። ባላጋራው የት እንደ ቆመ ለማየት ቀና የሚል ሰው ኳሲቱን በራኬቱ ጠርዝ ያገኛታል።

ስለ አካሄድ

ምቱን ከፈጸሙ በኋላ ዝም ብሎ መሮጥ አይገባም። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደን ኳሲቱን እንመለከታለን። ዝቅ ብላ ከሄደች ጉዟችንን እንቀጥላለን። ከፍ ብላ ከሄደች እዚያው ቆመን ራኬታችንን ዝቅ አድርገን እንከላከላለን። በማናቸውም ጊዜ ግን ባላጋራችን ኳሲቱን ሊመታ ሲል ሁለት እግራችንን ዘርግተን መቆም ግዴታችን ነው፤ እየሮጠ የሚመታ ሰው ኳሲቱ በእግሩ ሥር ስትመጣ ማጎንበስ አይችልም። ሁለቱ ጓደኛሞችም በአንድነት ይሄዳሉ፤ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ ሲሆኑ በመካከላቸው የሚከፈተው ቀዳዳ ለባላጋራ በር ነው።

ስለ ልምምድ

ከሁሉ የሚበልጠው ጥፋት ይህን ምት ከኋላ መስመር ላይ መማር መጀመር ነው። ትምህርቱ ከቅርብ ወደ ሩቅ ይሄዳል።

1ኛ፤ ሁለት ሰዎች በሁለቱ የወጥ ቤት መስመሮች ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ኳሲቱን አለዝበው አንዱ በሌላው ወጥ ቤት ውስጥ እየጣሉ ሳትቋረጥ 20 ጊዜ እንድትመላለስ ይሞክራሉ። «ዲንክ» የሚባለው ይህ ነው፤ የልዝቡ ምት ፊደል ነው።

2ኛ፤ አንዱ በመስመሩ ላይ ሲቀር ሌላው አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሻል። በያንዳንዱ ቦታ ከ10 ኳሶች 7ቱን በወጥ ቤቱ ውስጥ ሳይጥል ወደሚቀጥለው አይሸሽም። ከኋላ መስመር እስኪደርስ ቀናት ይወስድበታል፤ ይህም ትክክል ነው።

3ኛ፤ ከኋላ መስመር ላይ ሆኖ ጓደኛው ኳሲቱን በእጁ እየወረወረለት ይለማመዳል፤ ከዚያም በራኬት እየመታለት፣ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ።

4ኛ፤ በመጨረሻ ሰርቭ፣ መልስና ሦስተኛው ምት በተራ ይደረጋሉ፤ ነጥቡ ግን አይቆጠርም። የሚቆጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባላጋራው ኳሲቱን ወደ ላይ አነሣት ወይስ ወደ ታች መታት?

በዚህ ላይ ጥቂት መጨመር አስፈላጊ ነው። ይህን ምት የሚማር ሰው ለብዙ ሳምንት ይሸነፋል። ኳሲቱ አንዴ መረብ ውስጥ ትቀራለች፣ አንዴ ከፍ ብላ ትመታበታለች፤ ከአጠገቡ ያለው ለጊ ግን ነጥብ ይሰበስባል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ምቱን ትተው ወደ ጉልበታቸው ይመለሳሉ፤ ለጀማሪዎች ሻምፒዮን ሆነው እዚያው ይቀራሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለም? በነጥብ የሚለካ ተማሪ ተስፋ ይቆርጣል፤ ከመረቡ በታች ባደረሳቸው ኳሶች ራሱን የሚለካ ግን መሻሻሉን በየቀኑ ያያል። የመለኪያው ምርጫ ከክንድ ልምምዱ ባልተናነሰ ያስፈልጋል ብለን እናምናለን።

ስለሚደጋገሙ ጥፋቶች

ኳሲቱ ዘወትር በመረቡ ውስጥ የምትቀር ከሆነ፣ ራኬቱ በቂ አልተከፈተም ወይም ጉልበት አልታጠፈም ማለት ነው። በልምምድ ጊዜ መረብ ከመምታት ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ ከፍ ያለችው ኳስ ልትመለስ ትችላለች፣ መረብ ውስጥ የቀረችው ግን አበቃላት። ኳሲቱ እየራቀች ከወጥ ቤቱ የምታልፍ ከሆነ፣ ወደ ኋላ የተወሰደው ክንድ በዝቷል ወይም ጭብጡ ጠብቋል። አንዴ አጥራ አንዴ ረዝማ የምታስቸግር ከሆነ የእጅ አንጓ እየተንቀሳቀሰ ነው። እየመታን ወደ ኋላ የምንወድቅ ከሆነም ጥፋቱ በክንዳችን ሳይሆን በእግራችን ነው፤ ዘግይተን ደርሰናል።

የአየሩም ነገር መታሰብ አለበት። ኳሲቱ ከ22 እስከ 26 ግራም ያህል ብቻ የምትመዝን፣ ቀዳዳዋም የበዛ ስለ ሆነ ነፋስ ይጫወትባታል። ለቤት ውስጥ ጨዋታ ዘወትር ባለ 26 ትልልቅ ቀዳዳ፣ ለሜዳ ደግሞ ባለ 40 ትንንሽ ቀዳዳ ኳስ ይመረጣል። ከዚህም ሌላ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ኳሲቱን የሚከላከላት ነገር ያንሳል፤ በቆላ ወጥ ቤት ውስጥ የምትወድቀው ምት በደጋ ጥቂት አልፋ ትሄዳለች። ከውጭ አገር በመጣ ፊልም አይቶ የሚማር ሰው ይህን አስቦ ክንዱን ማሳጠር ይገባዋል።

የማይገባበት ጊዜ

ልዝቡን ምት ስናመሰግን ሌላውን ሁሉ መንቀፋችን አይደለም። የተመለሰችው ኳስ አጥራና ከፍ ብላ ከነጠረች መለጋት ይገባል፤ ያገኙትን እንጀራ መግፋት ትሕትና አይደለም። ባላጋራዎቻችን ወደ ፊት ሳይመጡ ከኋላ ከቀሩም ኳሲቱን አርቆ እዚያው ማቆየት ይሻላል፤ በወጥ ቤት ብንጥልላቸው ወደ ፊት እንዲመጡ ጋበዝናቸው ማለት ነው። ደግሞም ሦስተኛውን ምት ለግተው የምትመለሰውን ደካማ ኳስ በአምስተኛው ምት አለዝበው የሚጥሉ ብልኅ ተጫዋቾች አሉ። የኛ ክርክር ከለጊዎች ጋር አይደለም፤ መለጋት ብቻ ከሚያውቁት ጋር ነው። ሁለቱን የሚያውቅ ይመርጣል፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ግን ምርጫ የለውም።

«ሜዳው የት አለ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። የባድሚንተን ሜዳ ካለ መረቡን ዝቅ ማድረግና በ2.13 ሜትር ላይ በጠመኔ መስመር ማስመር ብቻ ይበቃል። እርሱም ከሌለ በ91 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ገመድ የተወጠረበት ጠፍጣፋ መሬት፣ አንዲት ኳስና ሁለት ራኬት ይበቃሉ። ጓደኛ የታጣ እንደ ሆነም በግድግዳ ላይ በዚያው ከፍታ መስመር አስምሮ፣ ከ2 ሜትር ጀምሮ እየራቁ፣ ኳሲቱን ከመስመሩ ጥቂት ከፍ አድርጎ እያለዘቡ መምታት ይቻላል። በቀን 15 ደቂቃ ያህል በዚህ ላይ የዋለ ሰው ከአንድ ወር በኋላ ከኋላ መስመር ላይ ሲቆም ሁለት ባላጋራዎች ራኬታቸውን አንሥተው ቢጠብቁት አይደነግጥም፤ ኳሲቱን የት እንደሚጥላት ያውቃልና።